የነገረ ፈጁ ስድሳኛ ቀን

የምተርክላችሁ ረዘም ይላል፤ ግን ደመወዝ የሚበላ ሁሉ፣ በማኅበር አክሲዮን ያለው ሁሉ፣ ጎረቤቱ የሕግ ሰው የሆነ ሁሉ ጉዳዩ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ስትሄዱ አዋሽን፣ አሰቦትን፣ ሚኤሶን ታልፉና መኪናው ዳገቱን ይያያዘዋል። የቆላው ሙቀት ከኋላ ይቀራል፤ የጨርጨር ተራሮች ይቀበሏችኋል። ጭሮ ያለችው እዚያ ነው። የድሮ ሰዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። ቡናው፣ ጫቱ፣ ማሽላው፣ ከብቱ በእሷ በኩል ያልፋል። ከሂርና የመጣው፣ ከበደሳና ከገለምሶ የመጣው፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛል። ሰው በተገናኘበት ደግሞ ውል አለ፣ ውል ባለበት ክርክር አለ፣ ክርክር ባለበት ነገረ ፈጅ አለ።

የዛሬው ትረካዬ ስለ አንድ ነገረ ፈጅ ነው። ሰውየውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስም አልሰጠሁትም፣ የቀጠረውም አክሲዮን ማኅበር በከተማው ውስጥ ብትፈልጉት አይገኝም። የሚጠቀስበት ሕግ ግን ፈጠራ የለበትም። ቁጥሩም፣ አንቀጹም፣ የቀን ቆጠራውም ያው ነው። ነገ በእውነተኛ ሰው ላይ ቢደርስ በዚሁ መንገድ ነው የሚደርሰው።

ጠበቃ ማለት ፈቃድ አውጥቶ፣ ቢሮ ከፍቶ፣ ለመጣ ባለጉዳይ ሁሉ የሚቆም ነው። ነገረ ፈጅ ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የወር ደመወዝ አለው፣ የሚከራከረው ለቀጣሪው ብቻ ነው። የኛ ነገረ ፈጅ ከቡና አቅራቢዎች ማኅበር ተቀጥሮ 12,000 ብር ይከፈለዋል። ክፍሏ አንድ ጠረጴዛና አንድ የብረት ቁም ሳጥን ትይዛለች። ረዳት የለውም። ጠዋት የሠራተኛ ቅጥር ውል ያያል፣ ረፋዱ ላይ ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባው ላኪ የመጣ የሽያጭ ውል ይዞበት ይገባል፣ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል። በኦሮሚያ ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ የላኪው ውል የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ ላኪው ከውጭ ገዢው ጋር የተዋዋለው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ሦስቱንም እያስማማ ክስና መልስ የሚያዘጋጀው ያው አንድ ሰው ነው። መዝገቡ በአንድ ከተማም አይወሰንም። አንዱ ጭሮ፣ አንዱ ሂርና፣ አንዱ ገለምሶ ይቀጠራል።

አገሩ ለሕግ እንግዳ አይደለም። ኦዳ ቡልቱም፣ የኢቱ ኦሮሞ በኦዳ ዛፍ ጥላ ተሰብስቦ ሕግ የሚደነግግበት የገዳ ስፍራ፣ ያለው በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ ነው፤ የጭሮው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። አሰበ ተፈሪንም የቆረቆሯት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኚህ ሰው ናቸው ኋላ በ1923 የወጣውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። የሕገ መንግሥት አርቃቂ በቆረቆራት ከተማ የሕግ ሠራተኛ ያለ ከለላ መቅረቱ ደግሞ ያንገበግበኛል።

ወደ ነገሩ ልግባ።

ማኅበሩ ጀንፈል ቡና ሊያቀርብ ከላኪ ጋር ተዋውሎ 900,000 ብር ተቀብሎ ነበር። ያ ዓመት ዋጋው ዘለለ፣ አባላቱ ቡናቸውን ለሌላ ሸጡ፣ ማኅበሩ ማቅረብ አቃተው። ላኪው ከሰሰ። ውሉ ላይ የተከፈለው ገንዘብ «ቀብድ» ተብሎ ተጽፏል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ባለው መሠረት ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ፍርድ ቤቱም ኅዳር 20 ቀን 1,800,000 ብር ክፈሉ ሲል ወሰነ። ነገረ ፈጁ ግን የሚከራከርበት ነጥብ ነበረው። ገንዘቡ የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ እንጂ ቀብድ አይደለም፣ ይህንንም የተዋዋዮቹ ደብዳቤዎች ያሳያሉ፤ ስለዚህ መመለስ ያለበት የተቀበልነው 900,000 ብቻ ነው የሚል። ጥሩ ነጥብ ነው። ይግባኙን ተቀምጦ አምስት ገጽ አድርጎ ጻፈው።

እንግዲህ ቀን እንቁጠር። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 323 ይግባኝ ፍርዱ በተነገረ በ60 ቀን ውስጥ ይቅረብ ይላል። ከኅዳር 21 እስከ ኅዳር 30፣ 10 ቀን። ታኅሣሥ ሙሉውን፣ 30 ቀን። ጥር 20 ላይ 60 ይሞላል። መካከል ላይ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ። የፍርዱ ግልባጭ ተገልብጦ እስኪደርስ ሳምንታት ሄዱ። የዳኝነት ክፍያው ቼክ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ አንደኛው ፈራሚ ለሐዘን አገር ቤት ወርዶ ነበር። ቼኩ ሲፈረም ጥር 17 ሆነ። ይግባኙ የሚቀርበው ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለሆነ መንገድ አለው። ነገረ ፈጁ ጥር 19 ማለዳ ሊነሳ አሰበ።

ጥር 18 ገለምሶ ቀጠሮ ነበረው። የማኅበሩ መጋዘን ጠባቂ በከሰሰው መዝገብ የምስክር ቃል ሊሰማ ነው። ምስክሮቹ አምስት ነበሩ፤ ሦስቱ ተሰምተው መሸ። ዳኛው የቀሩትን ሁለት ለነገ አሉ። ይሄኔ ትቶ ቢነሳ የማኅበሩ መስቀለኛ ጥያቄ ይቀራል፤ ቢቆይ ደግሞ ይግባኙ ይጠጋል። ስልክ አውጥቶ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደወለ። «ሌላ ሰው ይዞት ይሂድ» አለ። ማን? ሒሳብ ሹሟ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ናት። ሾፌሩ ማመልከቻ አስገብቶ አያውቅም፣ ቢጎድል ሬጅስትራሩ ይመልሰዋል። «አንተው ድረስበት፣ አንድ ቀን አለህ» አለው ሥራ አስኪያጁ።

ጥር 19 ምስክሮቹ እስኪሰሙ ከቀትር አለፈ። በበደሳ አድርጎ ጭሮ ሲገባ መሽቷል። ጥር 20 ማለዳ ተነሳ፤ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሲጠገን ዋለ። ጥር 21 ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ቆሟል። ፋይሉ በነጭ ክር የታሰረ ነው። ማመልከቻው አለ፣ ግልባጩ አለ፣ ቼኩ አለ፣ ማኅተሙ አለ፤ አንድ የጎደለ ነገር የለም። ሠራተኛዋ ወጣት ናት። የፍርዱን የመጨረሻ ገጽ ገለጠች፣ ቀኑን አየች፣ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች።

«ጋሼ፣ ትናንት ነበር እኮ» አለችው።

ክፋት የለባትም። ማስፈቀጃ ማመልከቻ አዘጋጅቶ እንዲያያይዝ ነገረችው። አያይዞ አስገባ። ግን እሱ ሕጉን ያውቀዋል፤ ስትነግረውም የሚቀጥለው አንቀጽ በራሱ ውስጥ እየተነበበ ነበር። አንቀጽ 326 በቂ ምክንያት ላለው ብቻ ጊዜው ያለፈበትን ይግባኝ ይፈቅዳል፤ ቀጥሎ ግን የጠበቃው ወይም የወኪሉ ጉድለት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። ልብ በሉ ይህን። ሕጉ የባለጉዳዩን በር የሚዘጋው የባለጉዳዩ ጥፋት ሳይኖር ነው፤ በወከለው ሰው ጥፋት። እኔ ደንቡን አልቃወመውም። የረታው ወገንስ ፍርዱ መቼ እንደሚጸና ማወቅ የለበትም ወይ? ግን ሕጉ በሩን ሲዘጋ ጉዳቱን የሆነ ሰው ላይ ጥሎ ነው የሚሄደው። ማን ላይ? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ማስፈቀጃው ውድቅ ሆነ፤ በይግባኙ ሊተርፍ ይችል የነበረው 900,000 ብርም አብሮ ቀረ። ቦርዱ ተሰበሰበ።

የቦርዱ ሰብሳቢ ሀጂ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በቡና ንግድ የጨረሱ፣ ቃላቸው ከውል የሚታመን ሽማግሌ። ነገሩን ጸጥ ብለው ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው።

«ዋሱ ማነው?»

ይህን ጥያቄ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር ዋስ፣ መጋዘን ጠባቂ ሲቀጠር ዋስ፣ ሾፌር ሲቀጠር ዋስ። ነገረ ፈጁም ሲቀጠር ዋስ አምጣ ተብሎ ነበር። የፈረመለት የእህቱ ባል ነው፣ ሂርና የሚያስተምር መምህር። የዋስትና ወረቀቱ ከፋይሉ ወጣ። 50,000 ብር ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ ይሁን፣ ዋሱ የሚጠየቅበትም ከፍተኛ ገንዘብ ይጠቀስ ስለሚል ከዚያ በላይ መምህሩን መጠየቅ አይቻልም። ቢቻልስ? የሂርና መምህር 900,000 ብር ከየት ያመጣል? 50,000ውስ ቢሆን ከልጆቹ አፍ አይደለም ወይ የሚወጣው?

«እሺ፣ ራሱ ይክፈል» አሉ አንዱ የቦርድ አባል።

ይክፈል ብንል እንዴት እንደሚከፍል አብረን እናስላ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ነው ይላል፤ የሚቆረጠውም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። የ12,000 ብር ሲሶ 4,000 ነው። 900,000ን ለ4,000 አካፍሉ። 225 ወር። 18 ዓመት ከ9 ወር። ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ይዞ አባት ገና ይከፍላል። ከባድ ቸልተኝነት ነው ከተባለ ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል፤ የተሰናበተ ሰው ደመወዝ የለውም፣ ሲሶውም አብሮ ይቀራል። ማኅበሩ ፍርድ ይዞ ባዶ እጁን ይቆማል።

ደግሞ ፍርዱም ቀላል አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2091 ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ነው። ታዲያ የደረሰው ጉዳት ስንት ነው? ይግባኙ በጊዜው ቀርቦ ቢሆን ማኅበሩ ይረታ ነበር ወይ? ይህን ለመወሰን ዳኛው ያልተሰማውን ይግባኝ እንደተሰማ አድርጎ መመዘን አለበት። በአንድ መዝገብ ውስጥ ሌላ መዝገብ። ዓመታት የሚፈጅ ክርክር ነው፤ ከሳሹም ተከሳሹም ሲከስሙ የሚያልቅ።

እዚህ ላይ የሕግ ሰው የሆነ አድማጭ «ቀጣሪ ለሠራተኛው ጥፋት ይጠየቃል፣ አንቀጽ 2130 አለ» ይለኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ አለ። ግን አንቀጽ 2130 የሚያድነው ውጭ ያለውን ሰው ነው፤ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ሌላውን ቢጎዳ ተጎጂው ቀጣሪውን መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ነገረ ፈጅ ሲሳሳት ግን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ቀጣሪው ነው። ለእሱ 2130 ምንም አይፈይድለትም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላሉት ደግሞ አንቀጽ 2126 አለ፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትን ይጠይቃል፣ መንግሥት ግን ተመልሶ ሠራተኛውን መጠየቅ ይችላል። በየትም ብትዞሩ መጨረሻው ያ ባለ አንድ ጠረጴዛ ሰው ጋ ነው።

ሀጂ ቁም ሳጥኑ ይከፈት አሉ። የማኅበሩ የመድን ውሎች ወጡ። የሁለቱ አይሱዙ የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ ይህማ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፣ ያለሱ መኪና አይንቀሳቀስም። የመጋዘኑ የእሳት መድን አለ። በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ መድን አለ። ለገንዘብ ያዧ የታማኝነት ዋስትና መድን ተገዝቷል፤ ገንዘብ ቢጎድል መድን ሰጪው ይከፍላል። በዚህ አገር መድን አዲስ ነገር አይደለም። በ1967 አሥራ ሦስት የግል ኩባንያዎች ተወርሰው በ1968 የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1986 በአዋጅ 86 የግል ኩባንያዎች ተፈቀዱ፤ ዛሬ ነጋዴው አረቦን መክፈልን እንደ ቤት ኪራይ ያውቀዋል። ታዲያ ሀጂ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያዩ ለገንዘብ ያዧ መድን እንዳለ፣ በአንድ ቀን መዘግየት 900,000 ብር ሊያሳጣ ለሚችለው ሰው ግን ከአማቹ ፊርማ በቀር ምንም እንደሌለ ተረዱ።

ለጠበቆች ሕጉ አስቦበታል። የፌዴራል ጥብቅና አዋጅ 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆችን ማኅበር ሲያቋቁም፣ የጥብቅና ድርጅት መመሥረትንም ሲፈቅድ የሙያ ኃላፊነት መድንን ከሥራው ጋር አስተሳስሮታል። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ባለጉዳይ በጠበቃ ስህተት ቢጎዳ የሚካስበት ገንዘብ ይኑር። ነገረ ፈጅ ግን ደንበኛው ቀጣሪው ነው ተብሎ፣ ቀጣሪ ደግሞ ራሱን ያውቃል ተብሎ ታልፏል። የኛ አገር ብቻ አይደለም እንዲህ ያደረገው። በእንግሊዝ የሕግ ቢሮዎች ቢያንስ የ2 ወይም የ3 ሚሊዮን ፓውንድ መድን ይገባሉ፤ በኩባንያ ውስጥ የተቀጠሩት ግን ይህ አይጠየቅባቸውም። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1978 ጀምሮ የግል ጠበቃን ሁሉ መድን ግዛ ብላ ታስገድዳለች፤ ተቀጣሪውን ግን ትተዋለች። ልዩነቱ እዚያ ትልልቅ ኩባንያዎች ሕግ ባያስገድዳቸውም ለተቀጣሪ ጠበቆቻቸው ተብሎ የተዘጋጀ መድን ገበያ ላይ ያገኛሉ። እኛ ጋ «ቀጣሪ ራሱን ያውቃል» የሚባለው ቀጣሪ ማነው? አክሲዮኑን በላቡ የገዛ ቡና አቅራቢ ነው። ራሱን የሚያውቀው በሚዛንና በጆንያ ነው፤ የይግባኝ ቀን ቆጥሮ ነገረ ፈጁን ሊቆጣጠር አይችልም። ከባለጉዳይ በምን ይለያል?

ሌላም ነገር አለ፣ እሱን ካልነገርኳችሁ ትረካው ጎዶሎ ነው። በትንሽ ከተማ ነገረ ፈጅ ከቢሮ ሲወጣ ሥራው አያልቅም። ቡና ቤት ሲቀመጥ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ባጃጅ ሲጠብቅ ይጠየቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አዴ የሚላቸው ጎረቤቱ እናት መንገድ ላይ አስቁመውት ነበር። የጎረቤት ግንብ ተንዶ ሱቃቸውን ከነዕቃው አፍርሶባቸዋል።

«ልጄ፣ ልክሰስ ወይ?»

«አዴ፣ መጀመሪያ በሽምግልና ይታይ። ጎረቤት ነው። ክሱ የትም አይሄድም።»

በቅንነት ነው የተናገረው፤ ምክሩም የአገር ምክር ነው። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ካሳው ይከፈላል ተባለ፣ ደግሞ ቆየ። አዴ ተስፋ ቆርጠው ፍርድ ቤት ሲሄዱ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ክስ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ አንቀጽ 2143። የትም አይሄድም የተባለው ክስ ሄደ። ስለ ሙያ ጥፋት የሚናገረው አንቀጽ 2031 በሙያው የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ ይጠብቅ ሲል ተከፍሎት ነው ወይስ በነጻ ብሎ አይለይም። አዴ አልከሰሱትም፤ ልጃቸውን ነው የሚከሱት? ግን ሱቃቸው እንደፈረሰ ቀርቷል። በአሜሪካ ለተቀጣሪ ጠበቆች በሚሸጡ ውሎች ውስጥ እንዲህ ያለው ለዘመድና ለጎረቤት የሚሰጥ ምክርም በብዛት አብሮ ይካተታል። ይህ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም በጭሮ፣ በመቻራ፣ በአሰቦት ያለ ድሃ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የሕግ ምክር ይኸው የመንገድ ዳር ምክር ነው። ነገረ ፈጁ ፈርቶ አፉን ቢዘጋ የሚጎዱት አዴዎች ናቸው።

በዚያ የቦርድ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት አባል ትክክለኛውን ተቃውሞ አነሳ። «መድን ካለው ይዘናጋል» አለ። መልስ የሚገባው ነገር ነው። አንደኛ፣ መድን ሆነ ብሎ ለተሠራ ጥፋት አይከፍልም፤ የመድን ክፍሉ ዛሬም የሚሠራበት የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 663 ቸልተኝነትን ይሸፍናል እንጂ ሆን ተብሎ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። ሁለተኛ፣ በእንዲህ ያለ ውል ላይ ተቀናሽ አለ፤ ከጉዳቱ የመጀመሪያውን የተወሰነ ድርሻ መድን ገቢው ይሸከማል፣ ስህተቱም ለሚቀጥለው ዓመት አረቦኑን ያንረዋል። ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ሌላ ነው። ማንኛውም መድን ሰጪ ከመዋዋሉ በፊት መጠይቅ ያስሞላል። ቀጠሮ የሚመዘገበው በምን ላይ ነው? አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያየው ወይስ ሁለት? ነገረ ፈጁ መንገድ ላይ ሲሆን ማመልከቻ የሚያስገባው ማነው? የቼክ ፈራሚ ሲታጣ ምን ይደረጋል? እስቲ ይህን መጠይቅ ያ ማኅበር ከአንድ ዓመት በፊት ሞልቶት ቢሆን ብላችሁ አስቡ። ጥር 20 አይመጣም ነበር። ነገረ ፈጁን ያዘናጋው ስንፍናው አይደለም፤ አንድ ሰው በሁለት ከተማ ሊገኝ አለመቻሉ ነው፣ ይህንንም ማንም ከውጭ መጥቶ አልጠየቀም።

ውሉ ሲጻፍ የሚጠነቀቁበት ነገርም አለ፤ እኔ ነገረ ፈጅ ብሆን እነዚህን ሳላይ አልፈርምም። የሙያ ኃላፊነት መድን በአብዛኛው የሚቆጥረው ስህተቱ የተሠራበትን ቀን ሳይሆን የካሳ ጥያቄው የቀረበበትን ቀን ነው። ስለዚህ ዛሬ ተሳስቶ በሦስተኛው ዓመት ቢጠየቅ፣ በሦስተኛው ዓመት ውሉ በሥራ ላይ መሆን አለበት። ሥራ ቢለቅስ? ጡረታ ቢወጣስ? ከሥራ ከተለየ በኋላ ለሚመጣ ጥያቄ ሽፋኑ የሚቀጥልበት ዘመን በውሉ ላይ ካልተጻፈ ያ ሁሉ ዓመት የተከፈለ አረቦን አያድነውም። ሌላው፣ ከሳሹ ራሱ ቀጣሪው ሲሆን መድኑ ይከፍላል ወይ? ለነገረ ፈጅ ዋናው አደጋ ይኸው ስለሆነ መልሱ በግልጽ «አዎ» ካልሆነ ውሉ ባዶ ነው። የመከላከያ ጠበቃ ወጪም ከሽፋኑ ጣሪያ ውስጥ ይቆጠር ወይስ በላዩ ይጨመር፣ ይህም ይጠየቃል።

ሀጂ የቦርዱን ክርክር ሁሉ ሰምተው ለረዥም ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ ለጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ ያዥ አሏት። ነገረ ፈጁ በሥራው ይቀጥላል። ረዳት ነገረ ፈጅ በዚሁ በጀት ዓመት ይቀጠራል። ሦስተኛ የቼክ ፈራሚ ይሰየማል። የቀጠሮ መዝገብ በሁለት ቅጂ ይያዛል፣ አንዱ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ማኅበሩ አረቦኑን ሙሉ በሙሉ ከፍሎ ለነገረ ፈጁና ለረዳቱ የሙያ ኃላፊነት መድን ይገዛል፤ መድን ሰጪዎቹ እንዲህ ያለ ውል ካላዘጋጁ ደግሞ እንዲያዘጋጁ ከሌሎች ማኅበራት ጋር በጋራ ይጠየቃሉ፣ ብዙ ሆኖ ሲጠየቅ አረቦኑም ይቀንሳልና።

«የመምህሩስ ወረቀት?» አለች ጸሐፊዋ።

«ውሉ ሲፈረም ይመለስለታል። እስከዚያ ማንም እንዳይጠይቀው።»

ለመድን ድርጅቶቹ የሚላከውን ደብዳቤ ራሱ ነገረ ፈጁ እንዲያረቅ ተወሰነ። በዚያው ምሽት ጻፈው። ከአረቦኑ መጠን አስቀድሞ የጠየቀው ቀጣሪው ከሳሽ ሲሆን ይሸፈናል ወይ የሚለውን ነው፤ ቀጥሎ ከሥራ ከለቀቁ በኋላ ስላለው ዘመን፣ ቀጥሎ ለጎረቤት በነጻ ስለሚሰጥ ምክር። ሀጂ አነበቡት፣ ፈረሙ፣ ከፊርማቸው ሥር በእጃቸው አንድ መስመር ጨመሩ። መልሱ እስከ የካቲት 30 ካልደረሰን እኔ ራሴ አዲስ አበባ መጥቼ እጠይቃለሁ የሚል ነው።